የስታቲክስን ጥያቄ ደረጃ በደረጃ መፍታት፦ ሁሉም ከስዕሉ ይጀምራል

በቀደም አንዲት የመጀመሪያ ዓመት የኢንጂነሪንግ ተማሪ ደብተሯን ይዛ መጣች። ገጹ ከላይ እስከ ታች በሳይንና በኮሳይን ተሞልቷል። ሦስት ቦታ ተሰርዟል፣ ሦስት ቦታ እንደገና ተጽፏል። መልሱ ግን እምቢ ብሏል። «ስዕልሽስ?» አልኳት። «መጽሐፉ ላይ አለ» አለችኝ።

የተቸገረችው እዚያው ላይ ነበር። መጽሐፉ ላይ ያለው የጥያቄው ስዕል ነው። የመፍትሔው ስዕል ሌላ ነው፤ እሱን የሚስለው ተማሪው ራሱ ነው። ባዶ ወረቀት ሰጠኋትና ቢሙን (ጭነት የሚሸከመውን አግዳሚ) ብቻ፣ ያለ ግድግዳው፣ ያለ ድጋፉ እንድትስል ነገርኳት። ቀስቶቹን አስገባች። ከዚያ በኋላ ስሌቱ አራት መስመር ብቻ ፈጀ።

ጀማሪዎችን ሳስጠና ደጋግሜ ያየሁት ይህንኑ ነው። ስታቲክስ፣ ማለትም ቆመው ባሉ አካላት ላይ ያረፉ ኃይሎችን የሚያሰላው ትምህርት፣ የሚጥለው በሒሳቡ አይደለም። ሒሳቡ መደመር፣ ማባዛትና ትንሽ ትሪጎኖሜትሪ ነው፤ ሃይስኩል የጨረሰ ሁሉ ይችለዋል። የሚጥለው የትኛውን አካል እያየን እንደሆነ፣ ምን ምን ኃይል እንዳረፈበት ሳንወስን ወደ ካልኩሌተር መሮጥ ነው። ስለዚህ ስለ ስዕሉ የሚያወሩትን ደረጃዎች ሆን ብዬ አስረዝሜያቸዋለሁ። እነሱ ላይ አትቸኩሉ።

ከመጀመራችን በፊት፦ ሙሉ ትምህርቱ በሁለት ዓረፍተ ነገር

አንድ አካል ቆሞ ካለ፣ ያረፉበት ኃይሎች ሲደመሩ ዜሮ ናቸው። ሳይሽከረከር ቆሞ ካለ ደግሞ፣ በየትኛውም ነጥብ ዙሪያ የኃይሎቹ ሞመንት (የማዞር አቅማቸው) ሲደመር ዜሮ ነው።

ወረቀት ላይ በተዘረጋ ጥያቄ ይህ ሦስት እኩልታ ይሰጠናል። አንዱ የአግድም ኃይሎች ድምር ነው፣ አንዱ የቋሚ ኃይሎች ድምር፣ አንዱ የሞመንት ድምር። ሦስት እኩልታ ማለት ሦስት የማይታወቁ ነገሮችን ማግኘት እንችላለን ማለት ነው። ከዚያ በላይ የለም። ይህችን ቁጥር ያዟት፤ በኋላ እንመለስባታለን።

ደረጃ 1፦ ጥያቄውን ሁለት ጊዜ አንብቡ

አንዴ ታሪኩን ለመረዳት፣ አንዴ ቁጥሮቹን ለመልቀም። የተሰጠውን በአንድ በኩል፣ የተጠየቀውን በሌላ በኩል ጻፉ።

እዚህ ላይ አንድ የታወቀ ወጥመድ አለ። እኛ በየቀኑ «ክብደቱ 100 ኪሎ ነው» እንላለን። በስታቲክስ ግን ኪሎግራም የቁስ መጠን ነው እንጂ ኃይል አይደለም። ኃይል ለማድረግ በ9.81 ይባዛል፤ 100 ኪሎግራም 981 ኒውተን ይሆናል። ጥያቄው በኒውተን ወይም በኪሎ ኒውተን ከሰጣችሁ ግን ተባዝቶ ያለቀ ነውና ደግማችሁ አታባዙት። ሚሊሜትርና ሜትርም ተቀላቅለው ከመጡ አሁኑኑ ወደ አንድ ቀይሯቸው።

ደረጃ 2፦ አካሉን ምረጡና ለዩት

ፍሪ ቦዲ ዳያግራም የሚባለው ይኸው ነው። ስሙ ራሱ ይናገራል፤ ነፃ የወጣ አካል ማለት ነው። አካሉን ከነካው ነገር ሁሉ ቆርጠን አውጥተን ብቻውን እንስለዋለን። የቆረጥነው ነገር ያደርግ የነበረውን ደግሞ በቀስት እንተካዋለን።

ሁሌም የማስተምረው ዘዴ ይህ ነው። ጣታችሁን በአካሉ ዙሪያ አንድ ሙሉ ዙር አዙሩ። ጣታችሁ ሌላ ነገር በነካ ቁጥር እዚያ ላይ ኃይል አለ። ምንም ያልነካበት ቦታ ላይ ምንም ቀስት አይሳልም። ዙሩን ስትጨርሱ አንድ ቀስት ብቻ ይቀራችኋል፤ እሱም ሳይነካ የሚስበው የመሬት ስበት ነው።

በእጅ የተያዘ ባለ 20 ሊትር ጀሪካን አስቡ። ውሃ ሞልቷል። ጣታችሁን በጎኑ አውርዱት፣ ምንም የለም፤ አየር ነው። በሥሩ አሳልፉት፣ መሬት አልነካም፤ ምንም የለም። በሌላኛው ጎን አውጡት። እጀታው ጋ ስትደርሱ የሰው ጣቶች አሉ። እዚያ ላይ ወደ ላይ አንድ ቀስት። ከዚያ ከመሐሉ ወደ ታች የክብደቱ ቀስት፤ ውሃው ብቻውን 196 ኒውተን ይሆናል። አለቀ። ሁለት ቀስት ነው።

አሁን ጀሪካኑ መሬት ላይ ተቀምጦ ሰውየው እጀታውን በትንሹ ቢስበውስ? ጣታችሁ ከሥር ወለሉን ይነካል፤ ሦስተኛ ቀስት መጣ። ጀሪካኑ ያው ነው፤ ስዕሉ ግን ተለወጠ።

አካል ስንል ሙሉ ዕቃ መሆን የለበትም። ሙሉ ድልድይ ሊሆን ይችላል፣ የድልድዩ ግማሽ ሊሆን ይችላል፣ አንዲት ዳዶም ልትሆን ትችላለች። ዋናው አንዴ ከመረጣችሁ በኋላ አለመቀላቀል ነው። አካሉ በሌላ ነገር ላይ የሚያሳርፈውን ኃይል እዚህ ስዕል ላይ አታስገቡ። እዚህ የሚገባው በእሱ ላይ ያረፈው ብቻ ነው።

ደረጃ 3፦ ድጋፎቹን በቀስት ተኩ

ብዙ ተማሪ የድጋፍ ዓይነቶችን ሠንጠረዥ ይሸመድዳል፣ ከዚያ ፈተና ላይ ይቀላቀልበታል። ከመሸምደድ ይልቅ አንድ ጥያቄ ጠይቁ፦ ይህ ድጋፍ የትኛውን እንቅስቃሴ ይከለክላል? የከለከለውን እንቅስቃሴ ያህል ኃይል ይሰጣል። ያልከለከለውን አይሰጥም።

ገመድ አካሉ ከእሱ እንዳይርቅ ይከለክላል፣ እንዳይቀርብ ግን አይከለክልም። ስለዚህ ገመድ ይስባል እንጂ አይገፋም። ቀስቱ ሁልጊዜ ከአካሉ ወደ ውጭ፣ ገመዱን ተከትሎ ይሄዳል።

ለስላሳ ወለል ወይም ሮለር አካሉ ወደ ውስጡ እንዳይገባ ብቻ ይከለክላል። ወደ ጎን እንዲንሸራተት ይፈቅዳል። ስለዚህ አንድ ቀስት ብቻ ነው፣ ከወለሉ በ90 ዲግሪ የሚወጣ። ድልድዮች ላይ አንደኛውን ጫፍ በዚህ መንገድ የሚያስቀምጡት በምክንያት ነው። ብረትም ኮንክሪትም ሲሞቅ ይረዝማል፣ ሲቀዘቅዝ ያጥራል፤ ሁለቱም ጫፍ ከታሰረ መሄጃ ያጣል።

ፒን እንደ በር ማጠፊያ ነው። በሩ ከማጠፊያው ወደ ላይም ወደ ጎንም አይነቀልም፣ መዞር ግን እንደልቡ ነው። ስለዚህ ሁለት ቀስት አለው፣ አግድምና ቋሚ። ሞመንት የለውም። የቀስቶቹን አቅጣጫ ካላወቃችሁ ገምታችሁ ሳሉ፤ ግምቱ ከተሳሳተ ሒሳቡ ራሱ ይነግራችኋል።

በኮንክሪት የተቀበረ ምሰሶ ሁሉንም ይከለክላል። አይነሳም፣ አይንሸራተትም፣ አይዞርም። አግድም ኃይል፣ ቋሚ ኃይልና ሞመንት፣ ሦስቱም ይኖሩታል። ሞመንቱን የሚረሳ ተማሪ ብዙ ነው፤ ከግድግዳ የወጣ ሰገነት ሲመጣ ተጠንቀቁ።

ሸካራ ወለል ከሆነ ደግሞ ከ90 ዲግሪው ቀስት ሌላ የሰበቃ ቀስት ይጨመራል። አቅጣጫው አካሉ ሊንሸራተት ከሚፈልግበት በተቃራኒ ነው።

አንዲት ዳዶ

ይህን ደረጃ ለምን እንደማጠብቀው የሚያሳይ አንድ እውነተኛ ታሪክ ልንገራችሁ። እ.ኤ.አ. ጁላይ 17 ቀን 1981 በአሜሪካ ካንሳስ ሲቲ፣ ሃያት ሪጀንሲ ሆቴል ውስጥ፣ ከጣራ ተንጠልጥለው የነበሩ የውስጥ መተላለፊያ ድልድዮች ወደቁ። 114 ሰው ሞተ። ከ200 በላይ ቆሰለ።

ሁለቱ ድልድዮች አንዱ በአንዱ ሥር ነበሩ፤ አንዱ አራተኛ ፎቅ ላይ፣ ሌላው ሁለተኛ ፎቅ ላይ። በመጀመሪያው ንድፍ ከጣራው የሚወርደው ረጅም የብረት ዘንግ አንድ ወጥ ነበር። የላይኛውን ድልድይ ቢም ሰንጥቆ አልፎ የታችኛውን ድረስ ይሄዳል። ከእያንዳንዱ ቢም ሥር አንዲት ዳዶ አለች። ግንባታው ላይ ሲደርስ ዘንጉ ለሁለት ተከፈለ። አንዱ ከጣራ እስከ ላይኛው ድልድይ፣ ሌላው ከላይኛው ድልድይ ቢም ተንጠልጥሎ እስከ ታችኛው።

ወረቀት አውጡና የላይኛውን ድልድይ ቢም ብቻ ለይታችሁ ሳሉ። ጣታችሁን አዙሩበት። በመጀመሪያው ንድፍ ቢሙን ወደ ታች የሚጫነው የራሱ ድልድይ ጭነት ብቻ ነው። ዘንጉ በቀዳዳው አልፎ ሄዷል፤ የታችኛው ድልድይ ክብደት በዘንጉ ውስጥ ወደ ጣራው ይወጣል እንጂ ቢሙን አይነካም። ስለዚህ የላይኛዋ ዳዶ ቢሙን የምትገፋው በአንድ ድልድይ ጭነት ልክ ነው። በተለወጠው ንድፍ ግን ጣታችሁ አንድ ተጨማሪ ነገር ይነካል፤ ከቢሙ ወደ ታች የሚስበውን ሁለተኛውን ዘንግ። የታችኛው ድልድይ ጭነት በሙሉ ቢሙ ላይ መጣ። ዳዶዋ አሁን ሁለት ድልድይ ተሸክማለች። ጭነቷ በእጥፍ አደገ።

ሁለት ጀሪካን በአንድ ገመድ ላይ እንደማሰር ነው። ሁለቱንም በየራሳቸው ቋጠሮ ከገመዱ ጋር ካሰራችኋቸው፣ የላይኛው ቋጠሮ የራሱን ጀሪካን ብቻ ይይዛል። የታችኛውን ከላይኛው ጀሪካን እጀታ ላይ ካንጠለጠላችሁት ግን የላይኛው ቋጠሮ ሁለቱንም ይይዛል። የጣራው ጭነት በሁለቱም ሁኔታ አንድ ነው። ከሩቅ ለሚያይ ምንም ልዩነት የለውም።

ከአደጋው በኋላ የተደረገው ምርመራ የመጀመሪያው ንድፍም ቢሆን በሕንፃ ደንቡ ከሚጠየቀው አቅም በግምት 60 በመቶውን ብቻ እንደሚያሟላ አሳይቷል። ለውጡ ደግሞ በዚያው ደካማ መገናኛ ላይ ያለውን ጭነት እጥፍ አደረገው። ይህን ለማየት የሚያስፈልገው ስሌት የአንደኛ ዓመት ተማሪ ስሌት ነው። የጎደለው የዚያች መገናኛ ስዕል ነበር።

ደረጃ 4፦ አቅጣጫ ወስኑ፣ ኃይሎቹን በትኑ

ወደ ቀኝና ወደ ላይ ፖዘቲቭ፣ ከሰዓት አዟዟር በተቃራኒ የሚያዞር ሞመንት ፖዘቲቭ ብላችሁ ገጹ ጥግ ላይ ጻፉት። ሌላ መምረጥም ትችላላችሁ፤ መሐል ላይ መቀየር ግን አይቻልም።

ሰያፍ ኃይል ሲመጣ ወደ አግድምና ቋሚ በትኑት። አንግሉ ከየትኛው መስመር እንደተለካ እዩ። ከአግድሙ ከተለካ አግድሙ ኮሳይን ነው፤ ከቋሚው ከተለካ ይገለበጣል። እርግጠኛ ካልሆናችሁ በሐሳባችሁ አንግሉን ዜሮ አድርጉት። አንግሉ ዜሮ ሲሆን መጥፋት ያለበት ክፍል ሳይን ነው። ጥያቄው 3፣ 4፣ 5 የሆነ ሦስት ማዕዘን ከሰጣችሁ ደግሞ አንግሉን ጭራሽ አትፈልጉት። 4/5 እና 3/5 ብላችሁ ቀጥሉ።

ቢም ላይ የተዘረጋ ጭነት ካለ በድምሩ ተኩት። እኩል የተዘረጋ ከሆነ ድምሩ መሐሉ ላይ ያርፋል። ሦስት ማዕዘን ከሆነ ድምሩ የሦስት ማዕዘኑ ስፋት ነው፣ የሚያርፈውም ጭነቱ ከሚበዛበት ጫፍ የርዝመቱ አንድ ሦስተኛ ርቀት ላይ። ይህን የምታደርጉት ግን አካሉን ቆርጣችሁ ከለያችሁ በኋላ ነው። ቀድማችሁ ከተካችሁና ከዚያ ቢሙን መሐል ላይ ከቆረጣችሁት መልሱ ይበላሻል።

ደረጃ 5፦ የማይታወቁትን ቁጠሩ

አሁን ወደዚያች ሦስት ቁጥር ተመለሱ። ስዕላችሁ ላይ ስንት የማይታወቅ ቀስት አለ? ሦስት ወይም ከዚያ በታች ከሆነ ቀጥሉ። አራት ከሆነ ቁሙ። የፈለገ ያህል ብትታገሉ ከአንድ አካል አራት አይወጣም።

ያን ጊዜ መጀመሪያ የምታዩት ከድጋፎቹ ወይም ከአባሎቹ መካከል ሁለት ቦታ ላይ ብቻ በፒን ተይዞ መሐሉ ላይ ምንም ጭነት የሌለው ዘንግ መኖሩን ነው። እንዲህ ያለ ዘንግ ውስጥ ያለው ኃይል የግድ ሁለቱን ጫፎች በሚያገናኘው መስመር ላይ ይሄዳል። ስለዚህ ሁለት የመሰላችሁ የማይታወቅ ነገር አንድ ይሆናል። ይህን ማየት የቻለ ተማሪ የፍሬም ጥያቄዎች ግማሽ ሥራ ቀለለለት ማለት ነው። እሱ ካልሠራ ሌላ አካል ለይታችሁ ሌላ ሦስት እኩልታ ጨምሩ። አንዱ አካል ላይ ወደ ቀኝ የሳላችሁት ኃይል፣ አጠገቡ ያለው አካል ላይ ወደ ግራ መሳል አለበት። ኒውተን እ.ኤ.አ. በ1687 ያሳተመው ሦስተኛው ሕግ እዚህ ጋ ነው በተግባር የሚሠራው።

ደረጃ 6፦ የሞመንት ነጥቡን በብልሃት ምረጡ

ሞመንት ማለት ኃይሉ ሲባዛ በርቀቱ ነው። ርቀቱ የሚለካው ግን ከነጥቡ እስከ ኃይሉ መስመር፣ በ90 ዲግሪ ነው። የኃይሉ መስመር በነጥቡ ላይ ካለፈ ርቀቱ ዜሮ ነው፤ ሞመንቱም ዜሮ።

ስለዚህ ነጥቡን ብዙ የማይታወቁ ቀስቶች የሚገናኙበት ቦታ ላይ አድርጉት። እነሱ በአንድ ጊዜ ከእኩልታው ይወጣሉ። አብዛኛውን ጊዜ ይህ ቦታ ፒኑ ነው፤ ሁለት የማይታወቅ በአንድ ምት። የሁለት ቀስቶች መስመር ከአካሉ ውጭ፣ አየር ላይ ቢገናኝም ያ ነጥብ ይሠራል። ነጥቡ አካሉ ላይ መሆን አለበት የሚል ሕግ የለም።

ሰያፍ ኃይል ሞመንቱን ለማግኘት ርቀቱን በጂኦሜትሪ መፈለግ አያስፈልግም። ኃይሉን አግድምና ቋሚ አድርጋችሁ በትኑትና የየራሳቸውን ሞመንት ደምሩ። ውጤቱ አንድ ነው። ይህን ያስተማረን ፈረንሳዊው ቫሪኞን ነው፤ ፈተና ላይ ብዙ ደቂቃ ያተርፍላችኋል።

አንድ ቢም አብረን እንሥራ

6 ሜትር ርዝመት ያለው ቢም አለ። ግራ ጫፉ ሀ ላይ ፒን ነው። ከሀ 4 ሜትር ርቆ መ ላይ ሮለር አለ። ቀሪው 2 ሜትር ከመ ወደ ውጭ ወጥቶ አየር ላይ ነው፣ ልክ እንደ በረንዳ። በሙሉ ርዝመቱ በየሜትሩ 2 ኪሎ ኒውተን ተዘርግቶበታል። ነፃው ጫፍ ጠ ላይ ደግሞ 8 ኪሎ ኒውተን ተጭኗል።

ቢሙን ለብቻው እንስላለን። ሀ ላይ አግድምና ቋሚ፣ መ ላይ ወደ ላይ አንድ ቀስት። የተዘረጋው ጭነት 2 × 6 = 12 ኪሎ ኒውተን ሆኖ ከሀ 3 ሜትር ላይ ያርፋል። ጠ ላይ 8 ወደ ታች። የማይታወቁት ሦስት ናቸው። እንሂድ።

አግድም ኃይል ሌላ ስለሌለ የሀ አግድም ዜሮ ነው።

ሞመንት በሀ ዙሪያ፦ መ × 4 − 12 × 3 − 8 × 6 = 0። ስለዚህ መ × 4 = 84፤ መ = 21 ኪሎ ኒውተን።

ቋሚ ድምር፦ ሀ + 21 − 12 − 8 = 0። ሀ = −1 ኪሎ ኒውተን።

እዚህ ላይ ብዙ ተማሪ ይደነግጣል፣ ምልክቱንም በላጲስ ያጠፋዋል። አታጥፉት! ኔጌቲቩ ስህተት አይደለም፤ ዜና ነው። ቀስቱን ወደ ላይ ገምተን ነበር፣ እውነቱ ግን ወደ ታች ነው። ጫፉ ላይ ያለው ጭነት ቢሙን በመ ላይ እንደ ሚዛን ስላጋደለው ግራው ጫፍ ሊነሳ ይፈልጋል። ሀ የሚሠራው ሥራ መደገፍ ሳይሆን ወደ ታች መያዝ ነው። ቢሙ ሀ ላይ እንዲያው ተቀምጦ ቢሆን ኖሮ ይነሳ ነበር። የጫፉ ጭነት 6 ኪሎ ኒውተን ቢሆን ሀ ልክ ዜሮ ይሆናል። 5 ቢሆን 0.5 ወደ ላይ። ሰገነት የሚሠራ ሰው ማወቅ ያለበት ይህንን ድንበር ነው።

ደረጃ 7፦ ባልተጠቀማችሁበት ነጥብ አረጋግጡ

መልሱን ካገኛችሁ በኋላ አንድ ደቂቃ አውጡ። እስካሁን ያልነካችሁትን ነጥብ ምረጡና ሞመንት ደምሩ። እኛ በሀ ሠርተናል፤ አሁን በጠ እንሞክር። የሀ −1 በ6 ሜትር፣ የመ 21 በ2 ሜትር በአንድ በኩል ያዞራሉ፤ 12 በ3 ሜትር በሌላው በኩል። −6 + 42 − 36 = 0። ልክ ነው። ዜሮ ካልመጣ አንድ ቦታ ተሳስታችኋል፤ ፈታኙ ሳያየው እናንተ አያችሁት ማለት ነው።

በእግረ መንገድ መጠኑንም በዓይናችሁ መዝኑት። ጠቅላላው ጭነት 20 ኪሎ ኒውተን ሆኖ የአንዱ ድጋፍ መልስ 210 ከመጣ የአስርዮሽ ነጥቡን ቦታ ስታችኋል።

መሰላሉ፦ ሰበቃ ሲገባ

ይህ ጥያቄ ከሁሉም አብልጬ የምወደው ነው፤ ምክንያቱም ሁላችንም ወጥተንበታል። 5 ሜትር መሰላል ግድግዳ ላይ ተደግፏል። እግሩ ከግድግዳው 3 ሜትር ርቋል፤ ራሱ 4 ሜትር ከፍታ ላይ ነው። ግድግዳው ለስላሳ ነው እንበል። መሰላሉ 200 ኒውተን ይከብዳል። የወጣው ሰው 700 ኒውተን ነው፤ መሰላሉ ላይ 4 ሜትር ያህል ወጥቷል። ወለሉ ምን ያህል ሸካራ መሆን አለበት?

መሰላሉን ለይተን እንስላለን። ራሱ ላይ ግድግዳው በአግድም ይገፋዋል። እግሩ ላይ ወለሉ ወደ ላይ ይገፋዋል፣ ሰበቃው ደግሞ ወደ ግድግዳው በኩል ይይዘዋል። ሁለት ክብደት ወደ ታች። የማይታወቁት ሦስት።

ከማይታወቁት ሁለቱ እግሩ ላይ ናቸው፤ ስለዚህ ሞመንት በእግሩ ዙሪያ። የመሰላሉ ክብደት ከእግሩ በአግድም 1.5 ሜትር ይርቃል፣ ሰውየው 2.4 ሜትር። ግድግዳ × 4 = 200 × 1.5 + 700 × 2.4 = 1980። የግድግዳው ግፊት 495 ኒውተን ነው።

አግድም ድምር ሰበቃውም 495 ነው ይላል። ቋሚ ድምር የወለሉ ግፊት 900 ነው ይላል። 495 ለ900 ሲካፈል 0.55። የሰበቃው ኮኤፊሸንት (የወለሉ ሸካራነት መለኪያ) ከ0.55 ካነሰ መሰላሉ ይንሸራተታል። እዚህ ላይ ልብ በሉ፦ ሰበቃውን «0.55 × 900» ብለን አልጀመርንም። ሰበቃ የሚያስፈልገውን ያህል ብቻ ነው የሚሰጠው። ኮኤፊሸንት የሚነግረን ጣሪያውን ነው። አካሉ ሊንሸራተት ጫፍ ላይ መድረሱን ጥያቄው ካልነገራችሁ ሰበቃን ከሚዛን እኩልታዎቹ አግኙት።

አሁን ሰውየው ገና 1 ሜትር ሲወጣ የነበረውን አስሉ። ከእግሩ በአግድም 0.6 ሜትር ነው። 300 + 420 = 720፤ ለ4 ሲካፈል 180 ኒውተን። ሬሾው 0.2 ብቻ። እዚህ ነው አደገኛው ነገር ያለው። ሰው መሰላሉን የሚፈትነው የመጀመሪያዎቹ እርከኖች ላይ ቆሞ ነው፤ ጠንካራ ሆኖ ያገኘዋል። ወደ ላይ በወጣ ቁጥር ግን የሚያስፈልገው ሰበቃ ይጨምራል። ሳይንሸራተት የቆየው መሰላል አናቱ አካባቢ የሚከዳው ለዚህ ነው።

ስለ ትረስ ጥቂት

ትረስ፣ ማለትም በሦስት ማዕዘን የተገጣጠሙ ዘንጎች፣ አዲስ ትምህርት አይደለም። አካሉ ነጥብ ሆነ እንጂ አሠራሩ ያው ነው። ነጥብ ስለማይዞር ሞመንቱ ይቀርና ሁለት እኩልታ ብቻ ይኖረናል። ስለዚህ ሁልጊዜ ከሁለት የማይበልጥ የማይታወቅ ካለበት መገናኛ ጀምሩ።

8 ሜትር የሚሰፋ፣ 3 ሜትር የሚቆም የጣራ ሦስት ማዕዘን አናቱ ላይ 12 ኪሎ ኒውተን ተጭኖበታል። ድጋፎቹ ስድስት ስድስት ይይዛሉ። የግራውን መገናኛ ለዩ። ሰያፉ ዘንግ 3፣ 4፣ 5 ነው። ቋሚ ድምር፦ ሰያፉ × 3/5 = 6፤ 10 ኪሎ ኒውተን ሆኖ መገናኛውን ይገፋል፤ ኮምፕሬሽን ነው። አግድም ድምር፦ የታችኛው ዘንግ 10 × 4/5 = 8 ኪሎ ኒውተን፣ ይስባል፤ ቴንሽን። ይህች የታችኛዋ ዘንግ ናት ግድግዳዎቹ ወደ ውጭ እንዳይገፉ የምትይዘው። ቦታ ለማስፋት ብሎ የሚቆርጣት ሰው ምን እየቆረጠ እንደሆነ አሁን ገባችሁ።

ከመጀመራችሁ በፊት ደግሞ ዜሮ ኃይል ያላቸውን ዘንጎች ልቀሙ። ጭነትም ድጋፍም የሌለበት መገናኛ ላይ በአንድ መስመር ያልሆኑ ሁለት ዘንጎች ብቻ ከተገናኙ ሁለቱም ዜሮ ናቸው። መሐል ላይ ያለ የአንድ ዘንግ ኃይል ብቻ ከተጠየቃችሁ በየመገናኛው አትንከራተቱ። ትረሱን በዚያ ዘንግ ላይ ለሁለት ቁረጡት፣ ግማሹን እንደ አንድ አካል ውሰዱት፣ ደረጃ 6ን ተጠቀሙ።

እንዴት ትለማመዱ

የተሠራ መልስ ማንበብ ልምምድ አይደለም። ስታነቡት ሁሉም ግልጽ ነው፤ ደብተሩ ሲዘጋ ይጠፋል። እኔ የምመክረው አንድ ቀን ሙሉ ምንም ሳታሰሉ ስዕል ብቻ መሥራት ነው። አሥር ጥያቄ ውሰዱ፣ የአሥሩንም ፍሪ ቦዲ ዳያግራም ሳሉ፣ የማይታወቁትን ቁጠሩ፣ የሞመንቱን ነጥብ በክብ ምልክት አድርጉበት። እዚያው ተዉት። ለጓደኛችሁ አሳዩና ጣቱን በአካሉ ዙሪያ ያዙር። የረሳችሁትን ቀስት እሱ ያገኘዋል። በማግስቱ ካልኩሌተሩን አውጡ።

የመጀመሪያውን ልምምድ እኔ ልስጣችሁ። ያንኑ 5 ሜትር መሰላል ውሰዱ፤ እግሩን ግን ወደ ግድግዳው አስጠጉትና 1.4 ሜትር ላይ አድርጉት። ራሱ 4.8 ሜትር ላይ ይደርሳል። ሰውየው አሁንም መሰላሉ ላይ 4 ሜትር ወጥቷል። መጀመሪያ ስዕሉን ሳሉ። የግድግዳው ግፊት 192.5 ኒውተን፣ የሚያስፈልገው ሰበቃ ከወለሉ ግፊት ጋር ያለው ሬሾ 0.21 አካባቢ ከመጣላችሁ ተግባብተናል።